አባቴን ወደ ደሴት የማሳፈር ዕቅድ

አባቴ ሚኒባሱን ከሸጠ በኋላ ተሳፋሪ ሆኖ መኪና ላይ አልወጣም አለ። ዕድሜውን ሙሉ ከአሰላ ሳጉሬ፣ ከአሰላ ኢተያ፣ ሲቀናው ደግሞ እስከ አዳማና ዝዋይ ድረስ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። አንዱ ዐይኑ ሲደክም ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ እንዳይዝ ነገረው፤ መንጃ ፈቃዱም ሳይታደስ ቀረ። ቁልፉን ለገዢው አስረክቦ ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ቤትና ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያንና ቤት ሆነ፤ እሱም በእግሩ። ገበያ መውረድ ግድ ሲሆንበት እንኳ መናኸሪያውን ላለማየት በውስጥ ለውስጥ መንገድ ዞሮ ነው የሚያልፈው።

መጀመሪያ ላይ ይበርድለታል ብለን ተውነው። አልበረደለትም። ጢቾ ያለችው ታናሽ እህቱ ልጇን ስትድር ሳይሄድ ቀረ። አጎት በሕይወት እያለ ከእህቱ ልጅ ሠርግ ይቀራል? እማዬና እኔ ሄደን «አሞት ነው» ብለን ዋሸን፤ አክስቴ እንዳላመነችን ግን ፊቷ ይናገር ነበር። ከዚያ በኋላ ስልክ ስትደውል ስለ እሱ መጠየቅ ተወች። ያኔ ነው የፈራሁት። ሰውየው በዚሁ ከቀጠለ ሠርግም ለቅሶም ቀርቶበት፣ ዘመድም እየረሳው፣ ግቢያችን ውስጥ ብቻውን ሊያረጅ ነው። እማዬ «መኪናው ሲሸጥ አብሮ ተሸጠ» ትላለች። እሷ ስትቀልድ ሆዷ እያረረ እንደሆነ የምናውቅ እናውቃለን።

ምክንያቱ ለማንም አልጠፋም። የሰው ፊት እሳት ነው። መናኸሪያው ውስጥ ከተራ አስከባሪው እስከ ጎማ ጠጋኙ የማያውቀው የለም፤ በእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት ከኋላ ወንበር ተጣቦ መታየቱ ሞት መስሎ ታየው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው አፍ አውጥቶ የነገረኝ። «ዕድሜ ልኬን ሰው ስጭን ኖሬ አሁን እኔ ልጫን?» አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩን እንድናነሳበት አልፈቀደም።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ቁጡ ነኝ ይሉኛል፤ ያሰብኩት ነገር እንዳሰብኩት ካልሄደ ያመኛል እንጂ ቁጡስ አይደለሁም። በየዓመቱ ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አስተምራለሁ። ጥርት ባለ ጠዋት ከከተማው በላይ ካለው ዳገት ላይ ለቆመ ሰው ዝዋይ ሐይቅ ከታች ሜዳው ላይ ይታያል፤ ደሴቶቹም እንደ ተደፋ ድስት ጉብ ጉብ ብለው ይታያሉ። ከሁሉም ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ጫፉ ላይ የጽዮን ቤተ ክርስቲያን አለች። ይህን ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምራለሁ እንጂ እግሬ ረግጦት አያውቅም።

አንድ ቀን አባዬን ማዶው ምን እንደሚመስል ጠየቅሁት። በኅዳር ጽዮን በዓል ስንት ዘመን ምእመናን ጭኖ ሐይቁ ዳር ሲያደርስ ስለኖረ ያውቃል ብዬ ነው። «እኔ ምን አውቄ፣ እኔ ዳር ነኝ» አለኝ። ለካ ተሳፋሪዎቹ በጀልባ ሲሻገሩ እሱ መኪናውን እየጠበቀ ዳር ላይ ነበር የሚቀረው። መኪና ጥሎ አይኬድማ። ጀልባዋ ሄዳ ሄዳ እስክትጠፋ ያያታል፣ ከዚያ ጋቢና ገብቶ ተሳፋሪዎቹ እስኪመለሱ ይጠብቃል።

ይህ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ምሳ ላይ፣ ዝዋይ ወርደን ወደ ደሴቱ ብንሻገርና በዚያው ቀን ብንመለስስ አልኩት። ደሴቱ ላይ አንድም መኪና እንደሌለ፣ እዚያ ሹፌርም ተሳፋሪም የሚባል ነገር እንደሌለ አስረዳሁት። ታዲያ ሐይቁ ድረስ በምን ሊደረስ ነው ብሎ ጠየቀኝ። እሱን ለእኔ ተወው አልኩት። እሺ አላለም። ትንሽ ቆይቶ ግን ዳር ላይ የሚጠብሱት ዓሣ አሁንም አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። በእኛ ቤት ይህ እሺ ማለት ነው።

ዕቅድ ማውጣት እወዳለሁ፤ በዚህ አላፍርም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ዓሣ ሊበላ የሚሄድ ሰው አይመርጣቸውም። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሥራ አለብኝ፤ እሑድ ቅዳሴ አለ። ቅዳሜ ቀረ። ሐይቁ ዳር ያሉ ጀልባ ነጂዎችን በሰው በሰው ስልካቸውን አግኝቼ ጠየቅሁ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚነሳና ውኃው ስለሚናወጥ ማልዳችሁ ኑ አሉኝ። ስለዚህ ከአሰላ በመጀመሪያው ሚኒባስ በኦጎልቾ በኩል ወርደን፣ ባቱ፣ የድሮዋ ዝዋይ ከተማ፣ ስንገባ በባጃጅ ወደ ሐይቁ፣ ከዚያ በጀልባ መሆኑ ነው። የዕቅዱ ዋና ብልኃት ግን ሌላ ነበር። መናኸሪያ አንገባም። ከከተማው መውጫ ያለው ነዳጅ ማደያ አጠገብ ቆመን፣ ሳይሞላ የወጣ ሚኒባስ ሲያልፍ እጃችንን ዘርግተን እንሳፈራለን። አባዬ ኮፍያውን ዝቅ ያደርጋል፣ ማንም አያየውም። አንድ ቦርሳ፣ ዳቦና ውኃ፣ በቃ። ይህን ካሰብኩ በኋላ ለሁለት ቀን ያህል በራሴ ተደስቼ ዋልኩ።

ያላሰብኩት እማዬን ነበር። ለአንዲት ጎረቤታችን፣ ለአንዲት ብቻ፣ ልጄና ባለቤቴ ቅዳሜ ቱሉ ጉዶ ሊሄዱ ነው ብላ ነገረቻቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሰው ሊያይ ብቻ ብሎ ደሴት አይሄድም። ታሞ ይሄዳል፣ ተስሎ ይሄዳል፣ ስለቱ ሰምሮለት ሊያደርስ ይሄዳል። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ምን ሆናችሁ ይለኝ ጀመር። ልንዝናና ነው ስል አንገታቸውን ያዘነብላሉ፤ ችግራችንን የደበቅሁ መስሏቸው አዘኑልኝ። አንዷ እንደውም እጄን ይዘው፣ የአባትሽን ዐይን ጽዮን ታበራዋለች፣ አትሸማቀቂ አሉኝ። ምን እላለሁ፤ አሜን አልኩ።

ከዚያ ዕቃው መምጣት ጀመረ። ከወዲያኛው ግቢ ጥላ ተላከ፤ ለዝናብ የሚያዝ እንዳይመስላችሁ፣ ባለ ዘርፍ የቤተ ክርስቲያን ጥላ። ከታችኛው ቤት አንድ እሽግ ጧፍ መጣ። ጀሪካን ያመጡም ነበሩ፤ ባዶውን ወስደን ጸበል ሞልተን እንድንመልስላቸው። ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ያች እማዬ የነገረቻቸው ጎረቤታችን ራሳቸው መጡ። ኢተያ በእኩል የሚያሳርሱት መሬት አላቸው። ባለፈው ክረምት በረዶ የሰፈሩን ስንዴ ሁሉ ሲያረግፍ የእሳቸው ማሳ ተርፏል፤ ያኔ ተስለው ኖሯል። ከኋላቸው አንድ ጎረምሳ ግማሽ ኩንታል ስንዴ በማዳበሪያ ተሸክሞ ገባና ዱብ አደረገው።

እሳቸው እንደወጡ እማዬን ያዝኳት። መኪና የሌለን ሰዎች ነን፣ ስንዴ ተሸክሜ ማደያ ዳር እንዴት ልቆም ነው፣ ማንስ ይጭነኛል አልኩ። መልሺላቸው አልኳት። እማዬ የማይነካ ነገር እንደነካሁባት አየችኝ። የስለት ዕቃ አይመለስም አለች። አንቺ ባትሄጂ ኖሮ በሌላ ሰው ይልኩት ነበር፣ መሄድሽን ከሰሙ ግን አንቺው ነሽ የምታደርሺው፤ አሻፈረኝ ያለ ሰው ስለቱ ወደ እሱ ይዞራል። ይህን ሕግ አውቀዋለሁ። ሳድግ ስሰማው ነው የኖርኩት፤ በእኔ ላይ ሲደርስ ግን ለምን እንደሆነ እንጃ ይለወጣል ብዬ ነበር። ዕቅዴን ትቼ ልቅር ብዬ አሰብኩ። አባዬ ይህን ሁሉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ዕቃው አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ማዳበሪያውን በእግሩ ነካ ነካ ያደርገዋል።

«ይህን ማን አሰረው?» አለኝ።

እኔ ነበርኩ። ፈትቶ በራሱ አስተሳሰር ደግሞ አሰረው። ጀሪካኖቹን በእጀታቸው በገመድ ሰካቸው፣ ጥላውን በላስቲክ ጠቀለለው። ሰፊ እጆቹ ሥራ ሲያገኙ ሳይ ደስ አለኝ። ሲጨርስ ከየት ነው የምትጭኚው ብሎ ጠየቀኝ። ከማደያው ዳር አልኩት።

«ስንዴ ይዘሽ መንገድ ዳር ማን ይቆምልሻል? ዕቃ ያለው ሰው ከመናኸሪያ ነው የሚጭነው» አለ።

ያለውን ራሱ ሰማው። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ከባድ ነገሮች አንዱ እሱ ነው። አባዬ እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ ፎጣውንም ሰቀለው። «እንግዲህ የጽዮን አደራ ነው» አለ በመጨረሻ፤ «መጥቼ አስጭኜልሽ እመለሳለሁ።»

አስጭኖ ሊመለስ። ደስ ልበል ወይስ ልናደድ አላወቅሁም። ቢያንስ በእግሩ መናኸሪያ ሊገባ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ጋሪ ጠራን። ጋሪ መኪና አይደለም፣ አባዬም ያለ ምንም ክርክር ወጣ። እማዬ ቤት የሚጠብቅ ያስፈልጋል ብላ ቀረች፤ እውነቱን ለመናገር ውኃ ትፈራለች። የአሰላ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ እኔ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ፣ አባዬ ወፍራም ካፖርቱን ለብሶ፣ በዚያ ላይ ጋቢ ደርቦ ነበር። ወደ ታች፣ ወደ ሙቀት እንደምንወርድ ተማሪዎቼን ሳስተምር እኖራለሁ፤ ለራሴ ግን ማን ያስታውሰኝ። መናኸሪያው በር ላይ ስንደርስ አባዬ ኮፍያውን ዝቅ አደረገ። የባቱ ሚኒባስ ግማሽ ሞልቶ ቆሟል። ረዳቱ ማዳበሪያውን ጣሪያው ላይ ወዳለው ፖርቶ መጋላ ሲስብ አባዬ ከታች ሆኖ ወደ ፊት አድርገው፣ ወደ ፊት፣ ቁልቁለት አለ ማለት ጀመረ። ድምፁ ነው ያጋለጠው።

ተራ አስከባሪው ከመኪኖቹ መሀል ብቅ አሉ። እሳቸውም ድሮ ሹፌር ነበሩ፤ እግራቸውን ከታመሙ ወዲህ ነው ተራ ማስከበር የጀመሩት። ከአባቴ ጋር በአንድ መንገድ ያረጁ ሰዎች ናቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ ቆመው አዩት።

«አካም ጅርታ» አሉት።

አባዬ ደህና መሆኑን ነገራቸው።

«ደህና ከሆንክማ የት ነበርክ? ሰው ከሥራ ሲወጣ ይሰናበታል። ቁልፍ ሰጥተህ ዞር አልክ፣ እኛም ተቀይመን ቀረን። ቤትህ ለመምጣት ስንት ቀን ተነስተን፣ እሱ ካልፈለገን ብለን ተመለስን።»

አባቴ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰዎቹ የሚያዝኑለት ይመስለው ነበር እንጂ መቀየማቸው ጨርሶ አልታየውም። ፊቱ ላይ የመጣው እፎይታ ነው፤ ሌላ ቃል የለኝም። መቀየም ከማዘን ይሻላል፤ ሰው የሚቀየመው እኩያውን ነው።

«መሪ የሌለው ሹፌር መናኸሪያ ምን ይሠራል ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ይሳፈራላ» አሉት ተራ አስከባሪው። «ግባ አሁን፣ ተራ አታበላሽብኝ።»

ተሳሳቁና ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ፣ ያውም ደጋግመው። ሹፌሩ፣ ገና ልጅ እግር ነው፣ ጋሼ ጋቢና ይግቡ ብሎ በሩን ከፈተለት። አባዬ ጋቢና ከገባሁ መሪህን እቀማሃለሁ ብሎ እኔ አጠገብ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። አስጭኜ እመለሳለሁ ያለውን ሁለታችንም አላነሳነውም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ በየኩርባው ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጥ ነበር። ጫማውን አይ ነበርና አውቃለሁ። ከፊት ለሚመጣው መኪና አስቀድሞ ወደ ዳር ያዘነብላል፤ ሹፌሩ ሳያዘነብል ሲቀር ይተነፍሳል። ኦጎልቾን አልፈን መንገዱ ሲዘረጋ ግን እግሩ ተረጋጋ። ወደ ጎን ማየት ጀመረ። አንድ ግራር አይቶ ይህ መቼ በቀለ አለኝ። እኔ ምን አውቄ። ዛፉ እንደሁ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። በዚያ መንገድ ያን ያህል ዘመን ሲመላለስ አስፋልቱን ብቻ እንጂ ዳሩን አይቶት እንደማያውቅ ራሱ ነገረኝ፤ እየገረመውም ነበር።

ባቱ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ተቀበለን። ባጃጁ ውስጥ አባዬ ካፖርቱንም ጋቢውንም አውልቆ ጭኔ ላይ ከመረው፤ ባጃጅ ነጂው ከደጋ ነው የመጣችሁት ብሎ ሳቀብን። ጀልባው ላይ ስንወጣ ደግሞ የፈራሁት እኔ ሆንኩ። ስለ ሐይቁ ጥልቀት ከመጽሐፍ ማስተማር ሌላ፣ በላዩ መሄድ ሌላ። የነጂውን ክንድ ለመያዝ ምንም አልቀረኝም። አባዬ ግን ከፊት ተቀምጦ ነጂውን ፍሬኑ የት እንደሆነ ጠየቀው። ፍሬን የለውም፣ ሞተሩን ስናጠፋው ውኃው ራሱ ያቆመዋል አለው። አባዬ በዚህ ነገር በጣም ተደሰተ። እግሩን ዘርግቶ፣ እጁን ከጎን ውኃው ውስጥ ነክሮ፣ እንደ ጌታ ተሻገረ።

ደሴቱ ላይ ዳገቱን ስንወጣ ስንዴውን የተሸከመልን የአገሩ ሰው ነው፤ ጥላውን እኔ፣ ጧፉን አባዬ ያዝን። ካህኑ ሁሉንም ተቀብለው የላኩትን ሰዎች ስም ጠየቁን፣ አባዬም አንድም ሳይዘነጋ ነገራቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ጸለዩላቸው። ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሐይቁ ዙሪያውን ያበራል፣ ወፎቹ ከታች ይጮኻሉ፣ ሞተር የሚባል ድምፅ የለም። በስተ ምሥራቅ፣ ከሜዳው ወዲያ፣ ተራራችን ጭላሎ ደመና ለብሶ ቆሟል። አባዬ ለረጅም ጊዜ እሱን ሲያይ ቆየና እኛ ለካ እዚያ ላይ ነን አለ። ደስ አለኝ፤ የተደከመበት ሁሉ ዋጋውን ያገኘው እዚያ መሰለኝ። ንፋሱ ሳይነሳ ተሻገርንና ዳር ላይ ዓሣ በላን። ዓሣውን እየበላ፣ እህቱ ያለችበት ጢቾ የሚሄደው መኪና አሁን በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ቀላል ነገር ነው የጠየቀኝ፣ እኔም እንደ ቀላል ነገር መለስኩለት። አጥንት የምለቅም መስዬ አንገቴን ደፋሁ።

ስንመለስ ያገኘነው ሚኒባስ የማናውቀው ነበር። ሹፌሩም ረዳቱም አባዬን አያውቁትም። ጋቢና ይግቡ ያለው ሰው የለም። ከኋላ ወንበር ገባን፤ ጸበል የሞሉት ጀሪካኖች እግራችን መሀል፣ ካፖርቱ ጭኑ ላይ። ረዳቱ አባባ ጠጋ ይበሉ አለው። ተጠጋ። አንዲት ሴትዮ ዶሮ ይዘው ገቡ፤ ረዳቱ ደግሞ ጠጋ ይበሉ አለው፣ ደግሞ ተጠጋ። በዐይኔ ጥግ አየሁት፤ ቢቆጣ፣ ቢያዝን፣ ልቤ ተዘጋጅቶ ነበር። እሱ ግን መስኮቱን ትንሽ ከፍቶ ስንዴው ማሳ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ያይ ነበር።

አሰላ ልንገባ ስንል ብርዱ ተመለሰ። ወደ ቤታችን የሚያስገባው መታጠፊያ ሲቀርብ ለረዳቱ ልናገር አፌን ከፈትኩ። አልደረስኩም።

«ወራጅ አለ» አለ አባቴ ከአጠገቤ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብሎ።

ይህን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ከጀርባው ሲሰማው ኖሯል እንጂ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመለት።